የባድሜንተን ሕግና ዳኝነት ከሲቀላ ሜዳ አንጻር

ባድሜንተን በአገራችን ከእግር ኳስና ከመረብ ኳስ ጋራ ሲነጻጸር ገና እንግዳ ጨዋታ ነው። ራኬት የያዙ ሁለት ልጆች ላባ የተሰካባትን ትንሽ ኳስ ወዲያና ወዲህ ሲመላለሱባት ያየ ሰው ነገሩን ጊዜ ማሳለፊያ ብቻ አድርጎ ሊቈጥረው ይችላል። ነገር ግን መረብ ተወጥሮ፥ መስመር ተሰምሮ፥ ነጥብ መቈጠር ሲጀምር ከጨዋታው ጋራ ሌላ ነገር አብሮ ይመጣል፤ ይኸውም ዳኝነት ነው። «ውጭ ናት»፥ «የለም፥ መስመር ነክታለች» የሚለው ክርክር በተነሣ ጊዜ ነገሩን ማን ይቈርጠዋል? በምንስ ሥልጣን ይቈርጠዋል?

በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የባድሜንተንን ሕግ በአጭሩ ልናስረዳ፥ ከዚያም የዳኛው ሥልጣን ምን እንደ ሆነና የት ላይ እንደሚያቆም ልናሳይ አስበናል። ምሳሌ የምናደርገው ስፍራ ሲቀላ ነው። ሲቀላ የአርባ ምንጭ ከተማ ታችኛው ክፍል ስትሆን ሸቻ ከምትባለው ከላይኛይቱ ከተማ በዳገት ትለያለች። ይህችን ስፍራ የመረጥንበት ምክንያት ሁለት ነው። አንደኛ፥ የሕጉ ደራሲዎች ያልኖሩበት ከፍታና ሙቀት እዚያ ስለሚገኝ፥ ሕግ ከአገር አገር ሲሻገር ምን እንደሚገጥመው ለመመርመር ይመቻል። ሁለተኛ፥ በጋሞ አገር የሽማግሌ ዳኝነት ሥር የሰደደ ስለ ሆነ ከውጭ የመጣውን የሜዳ ዳኝነት ከነባሩ ጋራ ለማስተያየት ያስችላል። ከዚህ በታች ዓመታቱ፥ ሌላ ካልተባለ በቀር፥ በአውሮጳ አቈጣጠር ተሰጥተዋል።

፩ ጨዋታው የመጣበት መንገድ

የዛሬው ባድሜንተን የተቀረጸው በ19ኛው መቶ ዓመት በህንድ አገር በነበሩ የእንግሊዝ የጦር መኰንኖች መካከል ነው። በዚያ ጊዜ ጨዋታው በአንዲት የህንድ ከተማ ስም «ፑና» ይባል ነበር። ባድሜንተን የሚለውን ስም ያገኘው በእንግሊዝ አገር በግሎስተርሺር ከሚገኘው ከቦፎርት መስፍን ቤት ነው። የእንግሊዝ የባድሜንተን ማኅበር በ1893 ተመሠረተ። የመላው እንግሊዝ ውድድር በ1899 ተጀመረ። በ1934 የ9 አገሮች ማኅበራት ተሰብስበው ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽን አቋቋሙ፤ ይህም ድርጅት ከ2006 ጀምሮ የዓለም ባድሜንተን ፌዴሬሽን ይባላል። ጨዋታው በ1992 በባርሴሎና በኦሊምፒክ ሜዳልያ የሚሰጥበት ሆነ፤ በ2003 በአቡጃ በመላው አፍሪካ ጨዋታዎች ውስጥ ገባ። በአዲስ አበባም ከ2010 ወዲህ በነበሩት ዓመታት የውጭ አገር ተጫዋቾች የተካፈሉባቸው ዓለም አቀፍ ውድድሮች ተደርገዋል።

ከዚህ ታሪክ ውስጥ ለእኛ ጉዳይ የሚጠቅም አንድ ነገር አለ። በህንድ አገር ጨዋታው ይደረግ የነበረው ደጅ ላይ ስለ ነበረ ነፋስ ሲበረታ ተጫዋቾቹ ላባውን ትተው ከሱፍ ክር በተሠራ ኳስ ይጫወቱ ነበር። እንግሊዝ አገር ከደረሰ በኋላ ግን ጨዋታው ወደ አዳራሽ ገባ። ዛሬ በእጃችን ያለው ሕግ በተዘጋ አዳራሽ ውስጥ፥ ነፋስ በሌለበት፥ ከባሕር ወለል እምብዛም ከፍ በማይል አገር ያደገ ሕግ ነው። በሲቀላ ሜዳ ላይ የምናነሣው ጥያቄ ሁሉ ከዚህ ይመነጫል።

፪ ሜዳውና መረቡ

የሜዳው ርዝመት 13.40 ሜትር ነው። ወርዱ ሁለት ለሁለት ሲጫወቱ 6.10 ሜትር፥ አንድ ለአንድ ሲጫወቱ 5.18 ሜትር ይሆናል። መረቡ የሚታሰርበት ምሰሶ ከፍታው 1.55 ሜትር ነው፤ መረቡ መካከሉ ላይ በጥቂት ረገብ ስለሚል ከመሬት 1.524 ሜትር ይርቃል። ከመረቡ 1.98 ሜትር ርቆ በሁለቱም በኩል አጭሩ የሰርቪስ መስመር ይሰመራል። ለጥንድ ጨዋታ ደግሞ ከኋላው መስመር 0.76 ሜትር ወደ ውስጥ ገብቶ ረጅሙ የሰርቪስ መስመር ይገኛል።

መስመሩ 40 ሚሊሜትር ወርድ አለው፤ ራሱም የሜዳው ክፍል ነው። ስለዚህ መስመር የነካች ሸትል ውስጥ ናት። ሜዳው የሚለካው ከአንዱ መስመር ውጫዊ ጠርዝ እስከ ሌላው መስመር ውጫዊ ጠርዝ ነው። ገመድ ወጥሮ ኖራውን ከገመዱ በስተውጭ የሚያፈስ ሰው ሜዳውን ሳያውቀው ያሰፋዋል፤ በስተውስጥ ካፈሰሰ ግን ልኩ እንደ ተጠበቀ ይቈያል።

አራቱ ማዕዘኖች ቀጥ ማለታቸውን ለመመርመር የፒታጎራስን ሕግ የተማረ ሁሉ መሣሪያ አያስፈልገውም። 13.40 እና 6.10 ሜትር ጎኖች ያሉት ሜዳ ከማዕዘን ወደ ማዕዘን ሲለካ 14.723 ሜትር ይመጣል። ሁለቱ ሰያፍ ልኮች እኩል ካልሆኑ ሜዳው ተጣምሟል፤ የተጣመመ ሜዳ ደግሞ የአንዱን ወገን የሰርቪስ ክፍል ሲያጠብ የሌላውን ያሰፋል። እንግዲህ ፍርድ የሚጓደለው ዳኛው አፉን ሳይከፍት፥ ገና ኖራ ሲፈስ ሊሆን ይችላል።

፫ ሸትልና የሲቀላ አየር

ሸትል የምትባለው ከቡሽ በተሠራ መሠረት ላይ 16 ላባዎች የተሰኩባት ናት። ክብደቷ ከ4.74 እስከ 5.50 ግራም፥ የላባዎቹ ርዝመት ከ62 እስከ 70 ሚሊሜትር ነው። ከፕላስቲክ ወይም ከሌላ ሰው ሠራሽ ነገር የተሠራችም ትፈቀዳለች፤ ለእርስዋም በልክና በክብደት እስከ 10 በመቶ ልዩነት ይፈቀድላታል። ላባዋ ቶሎ ስለሚሰባበር ገንዘቡ ለሚያጥረው ትምህርት ቤት ፕላስቲኳ ትሻላለች።

ሸትል ከሌሎች ኳሶች የምትለየው አየር እጅግ ስለሚይዛት ነው። ከራኬት ላይ ስትነሣ እንደ ጥይት ትወጣለች፤ ወዲያው ግን አየሩ ይገታትና ቀጥ ብላ ትወርዳለች። ስለዚህ የአየሩ ክብደት በተለወጠ ቍጥር የጨዋታው ፍጥነት አብሮ ይለወጣል። ከፍታ አየሩን ያሳሳዋል፤ ሙቀትም እንዲሁ።

ሲቀላ ከባሕር ወለል በላይ ከ1,200 እስከ 1,300 ሜትር ባለው ከፍታ ላይ ትገኛለች። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። ከአርባ ምንጭ በላይ በደጋው ያለችው ጨንቻ ደግሞ ወደ 2,700 ሜትር ትጠጋለች። በፊዚክስ ትምህርት የምናውቀውን የጋዝ ሕግ ይዘን ብናሰላው፥ በባሕር ዳርቻ በ20 ዲግሪ ሙቀት ካለው አየር ይልቅ የሲቀላ አየር በ30 ዲግሪ ሙቀት ስድስት አንድ እጅ ያህል ይቀላል። የአዲስ አበባ አየር በ20 ዲግሪ ሙቀት አንድ አራተኛ ያህል ይቀላል፤ የጨንቻም በ15 ዲግሪ ሙቀት ከዚያ በጥቂት ያልፋል። ስለዚህ በባሕር ዳርቻ በልኩ የምትወድቀው ሸትል በሲቀላ ከመስመር ታልፋለች፥ በጨንቻ ደግሞ ይብሱን ትርቃለች። በዚያው በሲቀላ እንኳ በ18 ዲግሪ የጧት አየርና በ35 ዲግሪ የቀትር አየር መካከል ያለው ልዩነት ከመቶ 6 ያህል ነው። ጧት የተመረጠች ሸትል ከቀትር በኋላ እንደገና መፈተን ያለባት ስለዚህ ነው።

ሕጉ ለዚህ ነገር መላ አበጅቷል። ፈተናው እንዲህ ነው። አንድ ተጫዋች ከኋለኛው መስመር ላይ ቆሞ ሸትልዋን ከታች ወደ ላይ በሙሉ ምት፥ ከጎን መስመሮች ጋራ ትይዩ አድርጎ ይመታታል። ሸትልዋ ከወዲያኛው የኋላ መስመር ከ530 ሚሊሜትር ባላነሰና ከ990 ሚሊሜትር ባልበለጠ ርቀት ወደ ውስጥ ከወደቀች ፍጥነቷ ልክ ነው። መስመሩን ከተጠጋች ወይም ካለፈች ፈጣን ናት፤ ከ990 ሚሊሜትር በላይ ካጠረች ደግሞ ዘገምተኛ ናት። በብዙ የላባ ሸትል ማኅደር ላይ የሚጻፈው 75፥ 76፥ 77 የሚለው ቍጥር ግሬን በሚባለው አሮጌ የእንግሊዝ ሚዛን የተነገረ ክብደት ነው። 77 ማለት ወደ 4.99 ግራም፥ 75 ማለት ወደ 4.86 ግራም ነው። ቍጥሩ ሲያንስ ሸትልዋ ትዘገያለች፤ ስለዚህ ለደጋና ለሞቃት አገር አነስተኛው ቍጥር ይመረጣል። እንዲሁም ከፍታ ወይም አየር ጠባይ የተለመደችውን ሸትል የማትስማማ ባደረጋት አገር፥ የአገሩ ማኅበር ሲፈቅድ፥ አሠራሯ ሊሻሻል እንደሚችል በሕጉ ተጽፎ ይገኛል።

እዚህ ላይ መጠንቀቅ ይገባል። የላባውን ጫፍ ወደ ውጭ ማጠፍ ሸትልዋን ያዘገያታል፥ ወደ ውስጥ ማጠፍ ያፈጥናታል። ይህን ከጨዋታ በፊት በዳኛ ፊት ማድረግና አንዱ ተጫዋች በጨዋታ መካከል በስውር ማድረግ እጅግ ይለያያሉ። ሁለተኛው በሕጉ ዘንድ እንደ ብልግና ይቈጠራል።

፬ የነጥብ አቈጣጠር

ከ2006 በፊት ነጥብ ማግኘት የሚችለው ሰርቪስ የመታው ወገን ብቻ ነበረ። ጨዋታውም በአብዛኛው እስከ 15፥ በሴቶች የአንድ ለአንድ ግጥሚያ እስከ 11 ይቈጠር ነበር። ከ2006 ጀምሮ የተሠራበት ደንብ ግን ማንም ቢመታ ምልልሱን ያሸነፈው ነጥቡን የሚያገኝበት ነው። ጨዋታው እስከ 21 ይሄዳል፤ 20 ለ20 ሲሆን በ2 ነጥብ መብለጥ ያስፈልጋል፤ 29 ለ29 ከደረሰ 30ኛውን ያገኘ ያሸንፋል። ከሦስት ጨዋታ ሁለቱን ያሸነፈ ግጥሚያውን ይወስዳል። አንደኛው ወገን 11 ሲደርስ የ60 ሴኮንድ፥ በጨዋታዎች መካከል የ120 ሴኮንድ ዕረፍት አለ።

ይህ ለውጥ ዳኛውን እጅግ ይነካዋል። በቀድሞው ደንብ ሰርቪስ በመታው ወገን ላይ የተሳሳተ ፍርድ ቢሰጥ ያ ወገን የሚያጣው ሰርቪሱን ነበረ፤ ነጥቡ ባለበት ይቈይ ነበር። በአሁኑ ደንብ ግን እያንዳንዱ የተሳሳተ ፍርድ አንድ ሙሉ ነጥብ ነው።

ሰርቪስ የሚመታው ወገን ነጥቡ ሙሉ ቍጥር (0፥ 2፥ 4 ወዘተ) ሲሆን ከቀኝ፥ ጎዶሎ ቍጥር ሲሆን ከግራ ክፍል ሆኖ በሰያፍ ይመታል። ዳኛው ነጥቡን ከዘነጋ የቆሙበትን ስፍራ አይቶ ለመመርመር ይህ ይረዳዋል። ከእያንዳንዱ ጨዋታ በኋላ ወገኖቹ ሜዳ ይለዋወጣሉ፤ በሦስተኛውም ጨዋታ አንዱ 11 ሲደርስ ይለዋወጣሉ። በአዳራሽ ውስጥ ይህ ደንብ ለመብራቱ አቀማመጥ ሲባል የተደረገ ሊመስል ይችላል፤ በደጅ ግን ፀሐይንና ነፋስን እኩል የሚያካፍል ትልቅ የፍትሕ ደንብ ነው።

፭ ጥፋትና ድጋሚ

በሰርቪስ ጊዜ የመቺውም የተቀባዩም ሁለት እግሮች መሬት እንደ ነኩ መቈየት አለባቸው፥ መስመርም መርገጥ የለባቸውም። ራኬቱ አስቀድሞ መንካት የሚገባው ቡሹን ነው። ምቱም በሚደረግበት ቅጽበት ሸትልዋ በሙሉ ከመሬት ከ1.15 ሜትር በታች መሆን አለባት። ይህ ቍጥር አዲስ ነው። እስከ 2018 ድረስ ልኩ የመቺው ወገብ፥ ይኸውም የታችኛው ጎድን ጫፍ ነበረ፤ ዳኛው የተጫዋቹ ጎድን ከልብሱ ሥር የት እንደሚያልቅ በዓይኑ ይገምት ነበር። በ2018 በተጀመረው ደንብ ልኩ ለረጅሙም ለአጭሩም አንድ ሆነ። ረጃጅሞች ቢከብዳቸውም የዳኛው ግምት በመለኪያ ተተክቷል። በ2023 ደግሞ ሸትልዋን በጣት እያሽከረከሩ መልቀቅ ታገደ።

በምልልስ ጊዜ ሸትልዋ ከመስመር ውጭ ብትወድቅ፥ በመረቡ ውስጥ ወይም ሥር ብታልፍ፥ የተጫዋቹን ገላ ወይም ልብስ ብትነካ፥ አንዱ ተጫዋች ሁለት ጊዜ ቢመታት፥ ወይም ተጫዋቹ መረቡን በራኬት፥ በገላ ወይም በልብስ ቢነካ ጥፋት ነው። እንደ ቴኒስ ሳይሆን፥ ሰርቪስ መረቡን ነክቶ በትክክለኛው ክፍል ቢወድቅ ጨዋታው ይቀጥላል።

ድጋሚ የሚባለው ምልልሱ እንዳልተደረገ ተቈጥሮ ሰርቪሱ እንደገና የሚመታበት ነው። ተቀባዩ ሳይዘጋጅ ቢመታበት፥ በሰርቪስ ጊዜ መቺውም ተቀባዩም አብረው ቢያጠፉ፥ ሰርቪሱ ከተመለሰ በኋላ ሸትልዋ መረቡ ላይ ብትንጠለጠል፥ ላባዋ ከቡሹ ብትለይ ድጋሚ ይሆናል። ነገር ግን ተቀባዩ ለመመለስ ከሞከረ ተዘጋጅቶ እንደ ነበረ ይቈጠራል፤ ሞክሮ ሲያቅተው «አልተዘጋጀሁም» ማለት አይችልም።

፮ ዳኞቹና ሥልጣናቸው

በሙሉ ደንብ በሚካሄድ ውድድር አራት ዓይነት ዳኞች አሉ። የበላዩ ሬፈሪ ውድድሩን በሙሉ ይመራል። የሜዳው ዳኛ በመረቡ ትይዩ ከፍ ካለ ወንበር ላይ ተቀምጦ ግጥሚያውን ያካሂዳል። የሰርቪስ ዳኛ የመቺውን ጥፋት ብቻ ይመለከታል። የመስመር ዳኞች እያንዳንዳቸው የተሰጣቸውን መስመር ይጠብቃሉ።

ዳኛው ሊያውቀው የሚገባው ትልቁ ልዩነት የነገርና የሕግ ልዩነት ነው። ሸትልዋ የት ወደቀች የሚለው የነገር ጥያቄ ነው፤ በዚህ ላይ ጉዳዩ የተሰጠው ዳኛ የተናገረው የመጨረሻ ነው። የመስመር ዳኛ ያለ ጥርጥር እንደ ተሳሳተ የሜዳው ዳኛ ካየ ብቻ ይሽረዋል። የሕግ ጥያቄ ሌላ ነው፤ ለምሳሌ «በ11 ነጥብ ሜዳ መለወጥ ነበረብን ወይስ አልነበረብንም» የሚል ክርክር በሜዳ ካላለቀ ወደ ሬፈሪው ይግባኝ ይባልበታል። ይግባኙም የሚነሣው የሚቀጥለው ሰርቪስ ከመመታቱ በፊት ነው። ከዚያ በኋላ የተነሣ አቤቱታ ዘግይቷል።

ከደንቦቹ ሁሉ እኛን ይበልጥ የማረከን የመስመር ዳኛው ምልክት ነው። ሸትልዋ ውጭ ከወደቀች ሁለት እጁን ዘርግቶ በጩኸት «ውጭ» ይላል። ውስጥ ከሆነች ዝም ብሎ በቀኝ እጁ መስመሩን ያመለክታል። ተጫዋች ጋርዶት ካላየ ግን ሁለት ዓይኖቹን በእጆቹ ይሸፍናል። ያን ጊዜ የሜዳው ዳኛ ካየ ይፈርዳል፤ እርሱም ካላየ ድጋሚ ይሆናል። እንግዲህ በዚህ ሕግ «አላየሁም» ማለት እንደ ድክመት አይቈጠርም። የሥራው ክፍል ነው፤ ምልክትም ተበጅቶለታል። ያላየውን እንዳየ አድርጎ የሚናገር ዳኛ ግን ለአንዱ ነጥብ ሲሰጥ ከሌላው ይሰርቃል። ከ2014 ጀምሮ በታላላቅ ውድድሮች በካሜራ የተደገፈ ምርመራ ቢገባም፥ ካሜራ በሌለበት በአብዛኛው ሜዳ የሚሠራው ይኸው ጥንታዊ ምልክት ነው።

ለብልግና ዳኛው ቢጫ ካርድ ያሳያል፤ ማስጠንቀቂያ ነው። ከዚያ ቀይ ካርድ አለ፤ ለተቃራኒው ወገን ነጥብ ያስቈጥራል። ጥቁሩን ካርድ የሚሰጠው ሬፈሪው ሲሆን ከውድድር ያስወጣል። በ2012 በሎንዶን ኦሊምፒክ በሴቶች የጥንድ ጨዋታ አራት ጥንዶች፥ አንደኛው የቻይና፥ ሁለቱ የደቡብ ኮርያ፥ አንደኛው የኢንዶኔዥያ፥ በሚቀጥለው ዙር ቀላል ተጋጣሚ ለማግኘት ብለው ሆን ብለው ሸትልዋን ወደ መረብና ወደ ውጭ መቱ። ከመስመር ስለ መውጣትና ስለ መረብ መንካት የተጻፈውን ሕግ አንዱንም አላፈረሱም፤ ነገር ግን ለማሸነፍ አልጣሩም ተብለው ስምንቱም ተጫዋቾች ከውድድሩ ተባረሩ። ይህ ነገር ሕግ ከመስመርና ከቍጥር በላይ አንድ ነገር እንደሚጠይቅ አስረድቷል፤ ይኸውም ቅንነት ነው።

፯ ከአገራችን ዳኝነት ጋራ ሲተያይ

በቀድሞ ዘመን በአገራችን ሁለት ሰዎች ተጣልተው በመንገድ ላይ ቢገናኙ አላፊ አግዳሚውን አቁመው ዳኛ ያደርጉት እንደ ነበረ ይታወቃል። «በሕግ አምላክ» ሲባል የሸሸ ይቆማል፥ የተናደደ እጁን ይሰበስባል። ያ የመንገድ ዳኛ ሹመትም ደሞዝም የለውም፤ ሥልጣኑ ሁለቱ ወገኖች ፈቅደው ስላስቀመጡት ብቻ ነው። በአንዲት መንደር ሜዳ ላይ ከተመልካቾች መካከል «አንተ ዳኘን» ተብሎ የሚቆመው ተማሪ ከዚህ ሰው ጋራ ወንድማማች ነው።

በጋሞ ደግሞ ዱቡሻ አለ። ዱቡሻ የአገሩ ሰው በተከበረ ስፍራ የሚሰበሰብበትና የሚመክርበት፥ ጠብም የሚዳኝበት ጉባኤ ነው። በዚያ ተራ ይጠበቃል፥ የሚናገረው ሰው ይደመጣል፥ ነገሩ እስኪስማሙ ድረስ ይመከርበታል። የሽማግሌዎቹ ቃል ምን ያህል ክብደት እንዳለው በመስከረም 2011 ዓ.ም. በአርባ ምንጭ ታይቷል። በዚያ ጊዜ በቡራዩ አካባቢ በተፈጸመው ግድያ የተቈጡ ወጣቶች ለበቀል ሲነሡ፥ የጋሞ ሽማግሌዎች እርጥብ ሣር ይዘው በፊታቸው ተንበረከኩ፤ ወጣቶቹም ተመለሱ።

የዱቡሻና የሜዳ ዳኝነት በሁለት ነገር ይለያያሉ። ዱቡሻ ጊዜ አለው፤ የሜዳ ዳኛ ግን በአንድ ትንፋሽ መፍረድ አለበት። ዱቡሻ የተጣሉትን ማስታረቅ ይፈልጋል፤ የሜዳ ዳኛ ነጥቡ የማን እንደ ሆነ ይናገራል እንጂ ተጫዋቾቹን ለማስታረቅ ብሎ ነጥብ አያካፍልም። አንድ ነጥብ ለአንዱ በስሕተት ሰጥቶ ቀጣዩን ለሌላው «ለማካካስ» የሚሰጥ ዳኛ ሁለት ጊዜ አጥፍቷል። ነገር ግን በመሠረቱ ሁለቱ ይገናኛሉ። ሽማግሌው ዱላ የለውም፥ የሜዳው ዳኛም ወታደር የለውም፤ ቃላቸው የሚከበረው ለማንም እንደማያደሉ ስለሚታመን ነው። ይህ እምነት የጠፋ ዕለት ካርዱ ባለቀለም ወረቀት ብቻ ሆኖ ይቀራል።

፰ አንድ ዳኛ ብቻ ባለበት ሜዳ

አራቱን ዓይነት ዳኞች አሟልቶ የሚጫወት የመንደር ወይም የትምህርት ቤት ቡድን ከባድ ነገር ነው። በሲቀላ መንደርም ሆነ በአርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ ግቢዎች ሊደረግ የሚችለውን በማሰብ የሚከተለውን እናሳስባለን።

በመጀመሪያ፥ ዳኛው ከጨዋታው በፊት በሁለቱም ወገን ፈቃድ ይመረጥ። የአንደኛው ወገን የቅርብ ወዳጅ ቢሆን እንኳ ሁለቱም አውቀውት ከተስማሙበት በኋላ በወዳጅነቱ መክሰስ አይገባም።

ሁለተኛ፥ የመስመር ዳኛ ከሌለ ሸትልዋ የወደቀችበት ወገን እንዲፈርድ፥ ካላየ ግን «አላየሁም» ብሎ ለተቃራኒው እንዲለቅ ወይም ድጋሚ እንዲሆን አስቀድሞ ይወሰን። ከሁለቱ የትኛው እንደሚሆን በጨዋታ መካከል ሊመረጥ አይገባም፤ ያን ጊዜ እያንዳንዱ የሚጠቅመውን ይመርጣልና። ከተመልካች የሚመጣ ጩኸት አይሰማ።

ሦስተኛ፥ 1.15 ሜትር የሆነ ቀጥ ያለ ዘንግ ተቈርጦ በምሰሶው አጠገብ ይተከል። ወጪ የለውም፤ ስለ ሰርቪስ ከፍታ የሚነሣውን ክርክር ግን በጣም ይቀንሳል።

አራተኛ፥ ሸትልዋ ግጥሚያው በሚደረግበት ሰዓት በሁለቱም ወገን ፊት ትፈተን። አየሩ ከጧት እስከ ቀትር እንደሚለወጥ ከዚህ በላይ አሳይተናል።

አምስተኛ፥ ሜዳው ደጅ ከሆነ ርዝመቱ ከሰሜን ወደ ደቡብ ይሁን፤ የጧትና የማታ ፀሐይ ያን ጊዜ በማንም ዓይን ፊት ለፊት አይገባም። ሐይቅ ባለበት አገር ቀን ምድሩ ከውኃው ይልቅ ስለሚሞቅ ከሐይቁ ወደ ምድር ነፋስ ይነፍሳል፤ አባያና ጫሞም ሲቀላን ቅርብ ናቸው። ስለዚህ ግጥሚያው ከጧቱ 1 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት ቢሆን ይመረጣል። ነፋስ የማይቀር ከሆነ የዓለም ፌዴሬሽን በ2019 ለደጅ ያወጣው ኤር ባድሜንተን የተባለ ሌላ ጨዋታ አለ። ለእርሱ ነፋስ የምትቋቋም ልዩ ሸትል ተሠርቶለታል፤ የጥንዶቹ ሜዳ 16 ሜትር በ6 ሜትር ነው፤ ጨዋታውም እስከ 11 እየተቈጠረ ከአምስቱ ሦስቱን ያሸነፈ ይረታል።

ስድስተኛ፥ ዳኛው ከእያንዳንዱ ምልልስ በኋላ ነጥቡን ጮኾ ይናገር፥ በደብተርም ይጻፍ። ጮኾ የተነገረ ነጥብ ወዲያው ይታረማል፤ በልብ የተያዘ ነጥብ ግን በመጨረሻ ጠብ ይሆናል።

መደምደሚያ

ባድሜንተን ከውጭ የመጣ ጨዋታ ነው፤ ሕጉም በሌላ አየር ውስጥ ተጽፏል። ሆኖም ሕጉን በመረመርነው መጠን ለከፍታና ለሙቀት ቦታ የተወ፥ የዳኛውን ሥልጣን የወሰነ፥ ላላየም «አላየሁም» የማለት መብት የሰጠ ሆኖ አግኝተነዋል። ሕጉን ከሲቀላ ጋራ ለማስማማት አንዱንም አንቀጽ መሻር አላስፈለገንም፤ ሸትልዋን መፈተንና ሜዳውን በልክ ማስመር፥ ዘንግ መቍረጥና ዳኛውን በፈቃድ መምረጥ በቅተዋል።

ተማሪ ነገ መምህር፥ ሐኪም፥ መሐንዲስ ወይም የፍርድ ቤት ዳኛ ይሆናል። በሰዎች መካከል ቆሞ ያየውን ብቻ መናገርን፥ ያላየውን አላየሁም ማለትን፥ በተፈረደበትም ጊዜ ራኬቱን ሳይወረውር ወደ ስፍራው መመለስን ከአንዲት ትንሽ ሜዳ ላይ ሊለማመደው ይችላል። መስመር የሚያሰምሩና ወንበሩ ላይ የሚቀመጡ ተማሪዎች ከራኬት ያዦቹ እኩል እንዲመሰገኑ የምንመኘው ስለዚህ ነው።